ካሜራ ይዞ ወሎ መሄድ፦ አልጋ ከመያዝ እስከ ቁልፍ መመለስ

ወልድያ ላይ አንድ ጠዋት 50 ሚሊሜትር ሌንሴ ጠፋ። ክፍሉን አንዴ ገለባብጬ አየሁ፤ የለም። ሪሴፕሽን ወርጄ ጮህኩ። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ተጠራች። ቦርሳዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ነጠላ፣ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ፣ የባጃጅ ብር። ሌንስ የለም። እኔም እያጉረመረምኩ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ቆይቶ ላሊበላ ላይ ብርዱ ሲጠና ጋቢዬን ስዘረጋ፣ ሌንሱ ከእጥፋቱ ወጥቶ አልጋው ላይ ዱብ አለ። ለካ ወልድያ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ በጨለማ እንዳይወድቅ ብዬ በገዛ እጄ ጠቅልዬው ነበር። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ "እነግራታለሁ" አለኝ። ይንገራት አይንገራት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሂሳብ መያዝ ጀመርኩ። ከሆቴል ክፍል በእርግጥ የተሰረቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ረስቼው የሄድኩት፣ ውሃ የገባበት፣ መብራት ያቃጠለብኝ፣ የት እንዳስቀመጥኩት የጠፋኝ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ክፍላችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ሌላ ሰው እንዳያውቅ ማድረግ። ሁለተኛው፣ ምን የት እንዳለ እናንተ ራሳችሁ ማወቅ። ሁለተኛው ይከብዳል።

ፎቶ የሚያነሳ ሰው ወሎ ሲሄድ መንገዱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ፤ ሰኞ ከሆነ ደግሞ ባቲ ገበያ። የምታድሩበት ቤት ግን በየቀኑ ይለያያል። ዛሬ ካዝና ያለው ሎጅ፣ ነገ በሩ በጓጉንቸር የሚቆለፍ አልጋ ቤት። እኔ የምጽፈው ለሁለተኛው ነው። ለዚያ ከተዘጋጃችሁ የመጀመሪያው ቀላል ነው።

ከቤት ሳትወጡ

በመጀመሪያ ዕቃችሁን በሙሉ አንድ ነጭ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ቦዲ (ሌንሱ የሚገጠምበት ዋናው ካሜራ)፣ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ሚሞሪ፣ ገመዱ ሁሉ ሳይቀር። ይህ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። ማታ ማታ ዕቃ ስትቆጥሩ የምታመሳክሩት ከእሱ ጋር ነው። እኔ ሌንሴን ጋቢ ውስጥ በቀበርኩበት ጊዜ ይህ ፎቶ ቢኖረኝና ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ አታፍርም ነበር።

ቀጥሎ የመለያ ቁጥር። በአብዛኛው ካሜራ ከሥሩ፣ ሌንስ ላይ ደግሞ በርሜሉ ዳር ወይም መግጠሚያው አጠገብ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አጉልታችሁ ፎቶ አንሱት። ከግዢ ደረሰኙ ፎቶ ጋር አድርጋችሁ ለራሳችሁ በኢሜል ላኩት። ስልኩም ካሜራውም አብረው ቢጠፉ ከየትም ቦታ ታወጡታላችሁ። ብዙ ካሜራዎች የመለያ ቁጥራቸውን በሚያነሱት ፎቶ ፋይል ውስጥም ይጽፋሉ። ደረሰኝ የሌላችሁ ሰዎች ድሮ ያነሳችሁትን ዋናውን ፋይል አትሰርዙ፤ ካሜራው የእናንተ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ነገር ነው።

ኢንሹራንስ ያላችሁ ወይም ልትገቡ ያሰባችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ዕቃው ከቢሮ ውጭ፣ በጉዞ ላይ ይሸፈናል ወይ? ባዶ ክፍል ወይም ባዶ መኪና ውስጥ ተትቶ ቢጠፋስ? ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ይፈርማል። ዋጋውንም አስተካክሉ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ያኔ የገዛችሁበት ብር ዛሬ ያንኑ ሌንስ አይመልስም። በድሮ ዋጋ የተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ የሚከፈለውም በድሮው ሂሳብ ነው።

ቦርሳን በተመለከተ ጠንካራ አቋም አለኝ። የካሜራ ድርጅት ስም በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ አትያዙ። ካኖን፣ ሶኒ፣ ኒኮን የሚል ቦርሳ ተሸክሞ መናኸሪያ መውረድ፣ ደረት ላይ ዋጋ ለጥፎ እንደመሄድ ነው። ተራ የተማሪ ቦርሳ ግዙና በውስጡ ስፖንጅ ያለው የካሜራ ማስገቢያ ክተቱበት። ስታንዱን፣ የካሜራ ማቆሚያውን፣ ደግሞ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅልሉት። አልቀለድኩም። ማዳበሪያ የያዘ ሰው ወሎ መንገድ ላይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ጤፍ ወይም በርበሬ ይዞ ነው የሚመስለው። የመኪናው ረዳት ጣራ ላይ ሊወረውረው ቢቃጣ ብቻ "ቀስ፣ የሚሰበር አለው" በሉት።

በአውሮፕላን ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የምትበሩ ከሆነ፣ ካሜራና ሌንስ በእጅ ሻንጣ ይግቡ። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ደግሞ የግድ በእጅ ነው፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ክልክል ነው። የካሜራ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ገደማ፣ ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ሁለቱም ከ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች ናቸው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ መንገደኛ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። አንድ ቦዲ፣ ሁለት ሌንስና ላፕቶፕ በቀላሉ ይነኩታል። አንዱን ሌንስ ጃኬት ኪስ ውስጥ መክተት ያኔ ነው የሚመጣው። ድሮን ያለፈቃድ ይዛችሁ አትምጡ። ሆቴል ክፍል ሳይደርስ ሌላ ቦታ ይቀራል።

የምትሸከሟቸው ትንንሽ ነገሮች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ የራሳችሁ ጓጉንቸር ከሁለት ቁልፍ ጋር፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የብስክሌት መቆለፊያ ገመድ፣ የእንጨት ሽብልቅ፣ ዲቫይደር፣ ሁለት ጠንካራ ፌስታል፣ የእጅ ባትሪ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሌንስ ጋር አይወዳደርም በዋጋ።

አልጋ ስትይዙ

"አልጋ አለ?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ግቢውን እዩ። ማታ በሩ ይዘጋል? ጥበቃ አለ? መኪና የሚቆመው ከውስጥ ነው ወይስ መንገድ ዳር? ከዚያ ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ሁሉም ይጠይቃል።

ፎቅ ካለ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ምረጡ። ምድር ቤት በመስኮት ይደርሳል፤ የመጨረሻው ፎቅ ደግሞ በጣራ ይደርሳል፤ ዝናብም ያንጠባጥባል። በረንዳው ከጎረቤት ክፍል ጋር የሚያያዝ ከሆነ የበረንዳውን በር መቀርቀሪያ በእጃችሁ ሞክሩት። እዚህ ላይ እኔ ዋጋ ከፍያለሁ። ኮምቦልቻ አንድ የምድር ቤት ክፍል ይዤ፣ ሙቀቱ ሲበዛብኝ መስኮት ከፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ከመስኮቱ ሥር የነበረው ትንሽ ቦርሳ የለም። ቻርጀር፣ ሁለት ባትሪና አንድ ፍላሽ። ካሜራው ከአልጋው ማዶ ስለነበረ ተረፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር፣ ሙቀቱ አሸነፈኝ እንጂ።

ሪሴፕሽን ላይ ስትመዘገቡ ሥራችሁን ከጠየቁ በአጭሩ መልሱ። መዋሸት አያስፈልግም፤ ስለ ካሜራው ዋጋ ሌክቸር መስጠትም አያስፈልግም። የፎቶ ሰው አንድ በሽታ አለበት፦ "ይሄ ሌንስ ስንት ነው?" ሲባል ደስ ብሎት ይናገራል። ምግብ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ። መልሱ "የድሮ ነው፣ አሮጌ ነው የገዛሁት" ይሁን።

ሌላው ቁልፉ ነው። ብዙ ቦታ ቁልፉ ቁጥር ከተጻፈበት ትልቅ እንጨት ጋር ነው የሚሰጣችሁ። ሐሳቡ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ነው። ሪሴፕሽን ጀርባ ሰሌዳ ላይ ሲሰቀል ግን "ክፍል 12 ባዶ ነው" ብሎ ለገባው ሁሉ ይናገራል። ይዛችሁ ለመውጣት ፍቀዱልኝ በሉ። ካልሆነ ለሰው እጅ ስጡ፤ ባንኮኒ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለም ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሪሴፕሽን ጥሩ ምልክት ነው።

ክፍል ስትገቡ፣ የመጀመሪያው አስር ደቂቃ

ቦርሳ አስቀምጦ አልጋ ላይ መዘርገፍ ያምራል፤ በተለይ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጣችሁ ደሴ ከደረሳችሁ። ግን ቆዩ።

በሩን ከውስጥ ቆልፉና ግፉት። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ እዩ። የላላ ሶኬት ካለ ካሜራ ቻርጀር አትሰኩበት። በመጨረሻ ሻወር ቤት ገብታችሁ ቧንቧውን ሁሉ እዩ። ይህ ከካሜራ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው እንግዳ ቧንቧውን ከፍቶ "የለም" ብሎ ትቶት ይሄዳል። ሌሊት ውሃው ይመጣል። የመታጠቢያው ፍሳሽ ከተደፈነ ክፍሉ ሐይቅ ይሆናል። አንድ ጓደኛዬ ደሴ ላይ ጠዋት ሲነቃ ነጠላ ጫማው እየተንሳፈፈ ነበር። የካሜራ ቦርሳው ወለሉ ላይ ነበር። ከዚህ የወጣው ሕግ ቀላል ነው፦ ካሜራ መሬት አይቀመጥም። ወንበር ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ቁምሳጥን ውስጥ፤ ወለል ላይ ግን በጭራሽ።

ቀጥሎ አንድ ቦታ ምረጡ። አንድ ብቻ። ዕቃው በሙሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከቦርሳ የወጣ ነገር ሥራው ሲያልቅ ወደዚያው ይመለሳል። ትራስ ሥር አንድ ሌንስ፣ መሳቢያ ውስጥ አንድ ባትሪ፣ ፍራሽ ሥር ሚሞሪ እያሉ መበተን ብልሃት ይመስላል። ሌባው ፍራሹን ነው መጀመሪያ የሚያነሳው፤ እናንተ ግን ጠዋት አንዱን ረስታችሁ ትሄዳላችሁ።

ካዝና ካለ

የሆቴል ክፍል ካዝና ከምታስቡት ያነሰ፣ ከምንም ደግሞ የተሻለ ነው። ስታገኙት እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ አንሱት። ከተነሳ ግድግዳው ላይ አልታሰረም ማለት ነው፤ ሌባው ከነካዝናው ይወስደዋል። ከታሰረ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቁጥር ሰጥታችሁ ቆልፉት፣ ክፈቱት፣ ደግሞ ቆልፉት። ቁጥሩ 0000፣ 1234፣ የክፍሉ ቁጥር ወይም የተወለዳችሁበት ዓመት አይሁን። ሆቴሉ ካዝናውን ለመክፈት የራሱ ቁልፍ ወይም የበላይ ቁጥር እንዳለው አትርሱ፤ ባይኖረው የረሳ እንግዳ ሁሉ ካዝና ያሰብራል። ማን እንደሚይዘው ጠይቁ።

ከዚያ ዋናው። እነዚህ ካዝናዎች የሚሠሩት በተራ ድንጋይ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት አይከፈቱም። ላሊበላ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለቅዳሴ ልትወጡ ቁጥር ትነካላችሁ፤ ዝም። ቁልፉን የያዘው ሥራ አስኪያጅ ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ ሌሊት የሚያስፈልጋችሁን ማታውኑ አውጡ።

ካዝናው ሁሉን ካልያዘ ምን ይግባ? ብዙ ሰው ትልቁን ሌንስ ይከታል። እኔ ያነሳሁባቸውን ሚሞሪዎች፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ነው የምከተው። ሌንስ ተበድሮም ቢሆን ይተካል። ባቲ ላይ የግመል ነጋዴው ግመሉን ሲያገላብጥ ያነሳችሁት ፎቶ ግን ሰኞ አልፏል።

ካዝና ከሌለ

አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ሪሴፕሽን ወይም ባለቤቱ ጋ በአደራ መስጠት። አደራ በእኛ አገር ትልቅ ቃል ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ይብሳል። "እትዬ፣ ይህን አደራ ያስቀምጡልኝ" ስትሏቸው ባለቤቷ መኝታ ቤታቸው አስገብተው የሚቆልፉበት ቤት አውቃለሁ። ቢሆንም በወረቀት ይሁን። የዕቃው ዝርዝር፣ ቀንና ሰዓት፣ የሁለታችሁም ፊርማ፤ የወረቀቱን ፎቶም አንሱ። እንዳያፍሩባችሁ "ለእኔ ማስታወሻ ነው፣ እረሳለሁ" በሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሆቴልና እንግዳ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ዝርዝሩን ለሕግ ሰው እተዋለሁ። በተግባር ግን ወረቀት የሌለው እንግዳ "ይዤ ገብቼ ነበር" የሚለው ቃሉ ብቻ ነው ያለው። ቦርሳውን ከመስጠታችሁ በፊት ዚፑን በትንሽ ጓጉንቸር ቆልፉት።

ሁለተኛው ማሰር። ቦርሳውን ቁምሳጥን ውስጥ አስገቡ፤ የብስክሌት ገመዱን በመያዣው አሳልፋችሁ ከአልጋው ብረት ወይም ከግድግዳ ቧንቧ ጋር ቆልፉት። ቆራጭ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም። በሩ ክፍት ሆኖ አግኝቶ እጁን ለሚሰድ ሰው ግን ይበቃል፤ የክፍል ስርቆት ደግሞ ባብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። የቁምሳጥኑ ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቶ አይቅር። የሚያስቅ ይመስላል፤ ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሦስተኛው ይዞ መሄድ። እኔ ይህን ነው የምመርጠው። ስለዚህም ነው ትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ የምለው፤ ሊሸከሙት የማይችሉት ዕቃ ክፍል ውስጥ ይቀራል። አንድ ቦዲና ሁለት ሌንስ ለወሎ ይበቃል። አምስት ሌንስ ይዤ ሄጄ ሦስቱን ሳልነካ የተመለስኩበት ጉዞ ነው ብዙው።

በሩ በጓጉንቸር የሚቆለፍ አልጋ ቤት ከሆነ የቤቱን ቁልፍ መልሳችሁ የራሳችሁን ግጠሙ። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ደስ ባይላቸውም ይረዳሉ። ማታ ከውስጥ ሽብልቋን በሩ ሥር ግፉባት። ሌላ ነገር አትፈልግም።

ስትወጡና ስትገቡ

ክፍሉ እንዲጸዳ የምትፈልጉት ባላችሁበት ሰዓት አድርጉት። አልጋ የምታነጥፈውን ልጅ ስሟን ጠይቁ፤ ጠዋት ሰላም በሏት። "እህቴ፣ ዛሬ ክፍሌ ይቅር፤ ነገ ጠዋት እኔ እያለሁ ታጸጂልኛለሽ" ብትሏት "አብሽር" ብላ ትሄዳለች። ለእሷም ይሻላታል። እናንተ በሌላችሁበት ካልገባች፣ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም አይሆንም። ከወልድያው ጉዴ በኋላ ይህን የማደርገው ለካሜራዬ ብዬ ብቻ አይደለም።

ስትወጡ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን። ቻርጀር እንኳ አይታይ። ሶኬት ላይ ያለ የካሜራ ቻርጀር ማለት "ካሜራው እዚሁ ነው" የሚል ማስታወቂያ ነው። ባዶ የሌንስ ሳጥንም እንደዚያው።

ወሎ ላይ አንድ የተለየ ፈተና አለ፤ ስሙ ቡና ነው። ከሐይቅ ስትመለሱ አንዱ ደጅ "ኑ ቡና ጠጡ" ይባላል። እምቢ ማለት አይቻልም፤ አያምርምም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሰዓቱ ይነጉዳል። መኪና ውስጥ ወይም በሩ ገርበብ ባለ ክፍል "አሁን መጣሁ" ብላችሁ የተዋችሁት ቦርሳ ያን ሁሉ ሰዓት ብቻውን ነው። ቡናው ሳይጀመር ቦርሳውን አስገቡና ከእግራችሁ መሃል አስቀምጡ፤ ማንገቻውን በጉልበታችሁ ዙሩበት። ማንም አይከፋበትም። ኧረ እንዲያውም "ለዕቃው ቦታ አምጡ" ይላሉ።

ማታ፦ ቻርጅና ቅጂ

ቻርጅ የሚደረገው ክፍል ውስጥ ስትሆኑና ሳትተኙ ነው። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀሉ። ችግሩ ሲጠፋ አይደለም፤ ሲመጣ ነው። ኃይሉ ከፍና ዝቅ ብሎ ይገባል፤ አንድ ቻርጀር እንዲሁ ጢስ አድርጎብኛል። ተመልሶ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩ። ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩና ዲቫይደሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፤ ከአልጋ ጀርባ ያለ ሶኬት የተሰካበትን ነገር ያስረሳል።

የዕለቱን ፎቶ ሳትገለብጡ አትተኙ። ሚሞሪውን ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ሃርድ ዲስክ። ካሜራችሁ ሁለት የካርድ ቦታ ካለው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት እንዲጽፍ አድርጉት። ዋናው ቁም ነገር ቅጂዎቹ አብረው አለመተኛታቸው ነው። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ሌላ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ያነሳችሁበት ካርድ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ። ምርጥ ምርጦቹን አስር ሃያ ፎቶ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ፤ ግን እንደ ፋይል እንጂ እንደ ፎቶ አትላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል።

በቦርሳ ውስጥ የሚደበቅ መከታተያ እየተለመደ መጥቷል። ኤርታግ የሚባለው የአፕል መከታተያ የሚሠራው በአቅራቢያው አይፎን ሲያልፍ ነው። አይፎን በበዛበት ከተማ ይጠቅማል፤ አምባሰል ገደል ላይ ግን ብዙ አትጠብቁበት።

ከደሴ ብርድ ወደ ባቲ ሙቀት

ዕቃ የሚጎዳው በሰው ብቻ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን ቁልቁል ወርዳችሁ ሌላ አየር ውስጥ ትገባላችሁ። ወደ ባቲ ሲዘለቅ ይብሳል። ሌሊቱን ደሴ ክፍል ውስጥ የቀዘቀዘ ካሜራ ታች ወርዶ እርጥብና ሞቃት አየር ሲያገኝ ሌንሱ ላይ ላብ ይቋጥራል። በተለይ በክረምት። መፍትሔው ከደሴ ሳትነሱ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገብቶ አፉን ማሰር ነው። ስትደርሱ ሳትከፍቱ አንድ ሰዓት ያህል ተውት፤ ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ካላበም ሌንሱን አትፍቱት፤ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ታስገባላችሁ።

በክረምት ደሴ ክፍል ውስጥ ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ቦርሳው ውስጥ ጣሉ። ሌንስ ውስጥ የሚበቅል ሻጋታ ከሌባ ይከፋል፤ ሌባ አንዴ ነው የሚወስደው።

ላሊበላ በገና፣ ግሸን በመስከረም

እነዚህ ሁለቱ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ገና ታህሳስ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ 28። ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ለማንሳት የማይመጣ ፎቶ አንሺ የለም። አልጋ ይጠፋል። ለብቻ የያዛችሁት ክፍል ውስጥ "ለአንድ ሌሊት ብቻ" ተብሎ ፍራሽ ተጨምሮ የማታውቁት ሰው ሊተኛ ይችላል። እሺ ካላችሁ ያን ሌሊት ዕቃው እናንተ ጋ ነው። ካርድና ባትሪ በሰውነት ላይ፣ ቦርሳው በትራስ ቦታ። እምቢ ማለትም መብታችሁ ነው፤ ግን ከብርድ የገባ ምዕመን ፊት እምቢ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ግሸን ማርያም መስከረም 21 ደግሞ ሆቴል የሚባለውን ነገር እርሱት። አምባው ላይ የሚታደረው በድንኳንና በሜዳ ነው። ለዚህ ቀን አንድ ቦዲና አንድ ሌንስ ብቻ ይዛችሁ ውጡ፤ የቀረውን ደሴ የምታውቁት ሰው ቤት ተዉት።

በነገራችን ላይ፣ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ያስቀመጣችሁትን ቦርሳ አልጋ ላይ አታውጡ። ቁንጫ ካሜራ አይሰርቅም፤ እንቅልፍ ግን ይሰርቃል።

ጠፋ ካላችሁ

መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ከዚያ ያን አንሶላ ላይ ያነሳችሁትን ፎቶ ከፍታችሁ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ፈትሹ። ጋቢውን፣ ካልሲውን፣ ጃኬት ኪሱን፣ ማዳበሪያውን፣ መኪናውን። ትናንት ማታ ያነሳችሁትን የመጨረሻ ፎቶ እዩ፤ በየትኛው ሌንስ በስንት ሰዓት እንደተነሳ ፋይሉ ይናገራል። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

ካልተገኘ ሥራ አስኪያጁን ለብቻ፣ በቀስታ አነጋግሩ። ማን ቁልፍ ወሰደ፣ የኮሪደር ካሜራ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛ በሰው ፊት ይፈተሽ አትበሉ። ሊፈትሹ ሲነሱም "ተዉ" በሉ፤ ያ የፖሊስ ሥራ ነው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ በመለያ ቁጥር አስመዝግቡ፤ ያመለከታችሁበትን ማስረጃ በጽሑፍ ተቀበሉ። ኢንሹራንስ ያላችሁ በዚያው ቀን አሳውቁ። አሮጌ ካሜራ የሚሸጥባቸው የቴሌግራም ገበያዎች ላይ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ለጥፉ። የተሰረቀ ሌንስ ወልድያ ላይ ገዢ አያገኝም፤ ዞሮ ዞሮ ወደ አዲስ አበባ ሻጭና ጠጋኝ ይመጣል።

ቁልፍ ስትመልሱ

ማታውኑ ሸክፉ። ጠዋት መኪና "ሊሄድ ነው" እየተባለ የሚሸከፍ ቦርሳ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዕቃውን ከፎቶው ጋር ቆጥሩ። ከዚያ አልጋ ልብሱን ሙሉ በሙሉ ግፈፉት፣ ትራሱን አራግፉ፣ መሳቢያ ሁሉ ተከፍቶ ይቅር፣ በእጅ ባትሪ አልጋ ሥር እዩ። ካዝናው በሩ ወለል ብሎ ይከፈት። ሶኬቶቹን በጣት እየነካችሁ ቁጠሩ። አደራ የሰጣችሁትን ዕቃ ስትቀበሉ እዚያው ከፍታችሁ አይታችሁ ወረቀቱን ቅደዱ።

ሪሴፕሽን ስትደርሱ ክፍሉን አንድ ሰው አብሯችሁ ወጥቶ እንዲያይ ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ባለፈው ሐይቅ ላይ እንዲህ አድርጌ፣ አብራኝ የወጣችው ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ መስኮት ደፍ ላይ የተዉኩትን የሌንስ ክዳን አንስታ "ይሄስ?" አለችኝ።